ምስክር ያጣችው ፈታይ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ተረቴ ከሩቅ መጥታ ደጅ ላይ ቆማለች። «ግቢ» በሏት።

«ግቢ!»

እንግዲያው ገባች።

በድሮ ጊዜ፣ አያቶቻችን ገና ሳይወለዱ፣ እንሶስላ አምባ የምትባል አገር ነበረች። ከአምባዋ ግርጌ አንዲት ጎጆ ነበረች። በጎጆዋ ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች። ከሴትየዋ ጋር ግን ማንም አልነበረም።

ስሟ አንጓች ይባላል። ሥራዋ ጥጥ መፍተል ነው። ከወንዝ ማዶ ተድራ የመጣች ስለሆነች በአምባው ላይ የሥጋ ዘመድ የላትም። ባሏንና አንዲት ልጇን ወረርሽኝ በአንድ ክረምት ወሰደባት። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ መጥቶ አለቀሰላት። ሰባት ቀን ተቀመጠላት። በስምንተኛው ቀን እያንዳንዱ ምንጣፉን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሆነ፤ የጎጆዋን ደፍ የረገጠ የለም።

የአንጓች ዓይን እየደከመ መጣ። የምትፈትለው ክር አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይቀጥናል። ክሯን ከደጅ እየተቀበለ የሚሄደው ሸማኔ መጀመሪያ አጉረመረመ። ቀጥሎ መምጫውን አዘገየ። በመጨረሻ ቀረ።

ከዚያ በኋላ አንጓች የምታነጋግረው ሰው አጣች። አንዳንድ ቀን ድምጿ መኖሩን ለማወቅ ያህል ራሷን በስሟ ትጠራለች።

«አንጓች!»

«አቤት!» ትላለች ራሷ መልሳ። ከዚያ ወደ እንዝርቷ ትመለሳለች።

ጠዋት ጠዋት እሳት ታነዳለች። ድስት ትጥዳለች። ድስቱ ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ ነው። «ከቤቴ ጭስ ሲወጣ ካላዩ ያዝኑልኛል። ካዘኑልኝ ይንቁኛል» ትላለች። ጎረቤትም ጭሱን ያይና «አንጓች ዛሬም አብስላለች» ብሎ ያልፋል።

በዚያች አገር ደግሞ አንድ መልካም ልማድ ነበር። በመኸር ጊዜ ያለው ሁሉ ከአውድማው አንድ አንድ ቁና እህል ያወጣል። ገዢውም ከግብሩ ላይ ይጨምርበታል። እህሉ «የድሆች ጎተራ» በሚባል ቤት ይከተታል። ክረምት ገብቶ የድሃው ጓዳ ሲራቆት ጎተራው ይከፈታል። የሚከፈተው ለሦስት ቅዳሜዎች ብቻ ነው። ሦስተኛው ቅዳሜ ካለፈ እስከ መጪው ክረምት አይከፈትም።

የጎተራው ጠባቂ ጭቃ ሹም ታፈረ ነበር። ታፈረ ክፉ ሰው አልነበረም። ሕግ የሚወድ ሰው ነበር። ሕጉም እንዲህ ይላል፦ «ድሃ ነኝ ያለ፣ ድህነቱን በዓይናቸው ያዩ ሦስት ጎረቤቶች ይመስክሩለት።» ይህ ሕግ ያለምክንያት አልወጣም። ቀድሞ ጉልበተኛው ደካማውን እየገፈተረ እህሉን ይወስድ ነበር። ሕጉ ጉልበተኛውን አስቆመው። አፈኛውን ግን አላስቆመውም።

ደምለው የሚባል አንድ ሰው ነበር። ሁለት ጥማድ በሬ አለው። ከቤቱ ጠላ ጠፍቶ አያውቅም። የጎተራው ቅዳሜ ሲቃረብ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ያጠጣል። በማግስቱ ሦስት አይደለም፣ ሰባት ምስክር ይቆምለታል።

«ምስኪን ነው!» ይላል አንዱ።

«የሚላስ የሚቀመስ የለውም!» ይላል ሌላው፣ ከንፈሩ ላይ የደምለው የጠላ አተላ ሳይደርቅ።

ደምለውም አንገቱን ደፍቶ፣ እህሉን በአህያ ጭኖ ይሄዳል።

በዚያ ክረምት አንጓች ሙዳይዋን ከፈተች። የቀራት ሁለት እፍኝ ሽምብራ ነው። በጣቷ እየለየች ቆጠረችው። በቀን አስር አስር ፍሬ ብትበላ እስከ ሦስተኛው ቅዳሜ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። «እንግዲህ ኩራቴን ትቼ ልለምን» አለች።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሄደች። ሰልፉ ውስጥ ቆመች። ተራዋ ደረሰ።

«እመት አንጓች፣ ምስክሮችሽ የት አሉ?» አለ ታፈረ።

«ምስክር የለኝም፣ ጌታዬ። ረሃቡ ግን አለኝ።»

«ረሃብ አይምልም፣ እመት። ሦስት ጎረቤት ይዘሽ ነይ።»

ከኋላዋ ያሉት ገፏት። እሷም ባዶ ቁናዋን እንዳቀፈች ተመለሰች።

መጀመሪያ ወደ ባንቺአምላክ ሄደች። ባንቺአምላክ ከአጥሯ ማዶ ያለች፣ ሥራ ወዳድ፣ ፈጣን ሴት ናት። አብሲት እየጣለች ነበርና እጇን ከሊጡ እንኳ ሳታወጣ አነጋገረቻት።

«እንዴት ብዬ ልማልልሽ፣ እመት? ቤትሽ ገብቼ አላውቅ። ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጭስሽን አየዋለሁ። አይቼ እንዳላየሁ ልማል?»

«ጭሱ የውሃ ነው፣ ባንቺዬ።»

«ውሃ ለምን ይጨሳል?» አለች ባንቺአምላክ። «እኔ ደግሞ ዛሬ ጊዜ የለኝም። ሌላ ቀን እመጣና አያለሁ።» ሌላ ቀን አልመጣችም።

ቀጥላ ወደ መሪጌታ ክንፉ ሄደች። መሪጌታ ብራና እየፋቁ ነበር።

«ያላዩትን መመስከር ኃጢአት ነው» አሏት።

«ይምጡና ይዩኣ፣ መሪጌታ።»

«አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት ቤት ገብቼ? አገር ምን ይላል?» አሉና ወደ ብራናቸው ተመለሱ።

በመጨረሻ፣ እግሯ እየተጎተተ፣ ወደ ደምለው ሄደች። ደምለው ከደጁ ተቀምጦ ነበር፤ አይቷት ሳቀ።

«እንዴ! አንጓች! አለሽ እንዴ? እኔማ ከሞትሽ የቆየሽ መስሎኝ!»

«አለሁ፣ አያ ደምለው።»

«ልመሰክርልሽማ አልችልም። ጎተራው አንድ ነው። ያንቺ ሲሞላ የኔ ይጎድላል።» ይህን ሲል እውነቱን ተናገረ። ከሦስቱ ያልዋሻት እሱ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ቅዳሜ ደረሰ። አንጓች በመሶብ ሦስት ነገር ይዛ ሄደች። ከታፈረ ፊት አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። አንደኛው ባዶ ሙዳይ ነው፤ የቀራትን ሽምብራ በጨርቅ ቋጥራ ቤት ትታዋለች። ሁለተኛው ክር የሌለበት እንዝርት ነው። ሦስተኛው ከውሃ በቀር ምንም ያልበሰለበት ድስት ነው።

«ምስክሮቼ እነዚህ ናቸው» አለች። «በዓይናቸው ያዩ እነሱ ብቻ ናቸው።»

ሰልፉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። «ድስቱን አስምለው!» አለ አንዱ። «እንዝርቷ ደንቆሮ ናት፣ ጮክ በልባት!» አለ ሌላው። ታፈረ አልሳቀም። ድስቱን አንስቶ አየው። ገልብጦ አየው። ከዚያ መለሰላት።

«አፍ የሌለው አይመሰክርም፣ እመት። ሕጉን ባፈርሰው ነገ ጉልበተኛው ይገባበታል። የመጨረሻው ቅዳሜ ቀርቷል። ሦስት ሰው ፈልጊ።»

አንጓች መሶቧን ተሸክማ ስትመለስ ዝናብ ያዛት። ከአንድ ዛፍ ስር ቆመች። እዚያ ቆማ ሳለ ባንቺአምላክን አየቻት። ባንቺአምላክ በጭቃው ላይ እየሮጠች ነው። ራሷ ላይ እንጀራ የሞላ ሰፌድ ተሸክማለች።

«ወዴት ነው፣ ባንቺዬ?»

«ለቅሶ ቤት! ላይኛው ሰፈር አንድ ሰው ሞቷል!»

«ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ለቅሶ ነዋ፣ ይቀራል እንዴ?» ብላ አለፈች።

ከኋላዋ መሪጌታ ክንፉ ጥምጥማቸውን በእጃቸው ደግፈው አለፉ። ከእሳቸው ኋላ ደምለው እያለከለከ አለፈ። ለቅሶ ቤት ምግብ እንዳለ ያውቃል። ዝናቡን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም።

አንጓች ከዛፉ ስር ብዙ ቆየች። ዝናቡ ካባራ በኋላም አልተንቀሳቀሰችም። «በሕይወት ወዳለ ሰው ቤት የሚያደርስ መንገድ የላቸውም» አለች በልቧ። «ወደ ለቅሶ ግን እግራቸው ራሱ ይወስዳቸዋል።»

አራት ቀን አሰበችበት። «ውሸት ይሆን? አገር ማታለል ይሆን?» ብላ ተጨነቀች። አንዴ ትወስናለች፣ አንዴ ትተወዋለች። በመጨረሻ ከራሷ ጋር እንዲህ ብላ ተዋዋለች፦ «አንድም የሐሰት ቃል ከአፌ አይወጣም። ማን እንደሞተብኝ የጠየቀኝ ሰው ካለ፣ በዚያው ቅጽበት እውነቱን እነግረዋለሁ።»

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። መቀነቷን አጠበቀች። ከደጇ ወጥታ ጮኸች።

«ወይኔ! ወይኔ ብቻዬን!»

ለሰባት ዓመት ጮክ ብሎ ያልወጣ ድምፅ ነበር። መጀመሪያ ጎረነነ። ከዚያ ተከፈተ። ለቅሶዋ የውሸት አልነበረም፤ አንዴ ከጀመረች በኋላ ማቆም አቃታት።

አገሩ ወጣ። ባንቺአምላክ ያቦካችውን ጥላ ደረሰች። መሪጌታ መጡ፤ ለቅሶ ቤት ሲሆን አገር ምንም አይልም። ደምለው መጣ። ሠላሳ ሰው ጎጆዋን ሞላት።

«እግዜር ያጽናሽ» አላት አንዱ።

«እግዜር ያጽናሽ» አላት ሁለተኛው።

«እግዜር ያጽናሽ» አላት ሦስተኛው።

አንጓች እያንዳንዱን ቀና ብላ አየችው። «አሁን ይጠይቀኛል» አለች በልቧ። አልጠየቃትም። ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ ተቀመጠ። ቤቷ በሰው ተጨናንቆ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ፣ እሷ መሐሉ ላይ እንደ ወትሮው ብቻዋን ነበረች።

ባንቺአምላክ ያመጣችውን እዝን ለማሞቅ ወደ ጓዳ ገባች። ዱቄት ፈለገች፤ የለም። በርበሬ ፈለገች፤ የለም። ድስቱን ከፈተች፤ ውሃ ነው። ድስቱን እንደያዘች ቆመች። ስትወጣ ፊቷ ተለውጦ ነበር። ለማንም አልተናገረችም።

በሁለተኛው ቀን ዝናብ ዘነበ። ጣሪያው በመሪጌታ ጥምጥም ላይ አንጠባጠበ። ወደ ግራ ፈቀቅ አሉ፤ አንጠባጠበ። ወደ ቀኝ ፈቀቅ አሉ፤ አንጠባጠበ። ደረቅ ቦታ አንድ ብቻ ነበረች፤ አንጓች የምትተኛባት ቁርበት የምታክል። በዚያ ቀን ጭቃ ሹም ታፈረም መጣ። ለሹም ለቅሶ መቅረት ነውር ነው።

«ለመሆኑ ማን ነው የሞተባት?» አለ አንድ ሰው በሹክሹክታ።

«ወንድሟ ነው አሉ።»

«ኧረ የእህቷ ልጅ ነው!»

ደምለው አፉ ሞልቶ ጣልቃ ገባ። «አታውቁትም እንዴ? ያ ከወንዝ ማዶ ያለው ነዋ! ስንት ገበያ አብረን ውለናል! አንበሳ ሰው! ወይ ጊዜ!» አለና ሌላ እንጀራ ሳበ።

አንጓች ሰማችው።  ወደ እሷ ዞሮ የጠየቃት ግን የለም።

ሦስተኛው ቀን የመጨረሻው ቅዳሜ ነበር። ረፋድ ላይ ታፈረ ዘንጉን ይዞ ተነሣ።

«እኔ ጎተራውን ልከፍት ልሂድ» አለ። «እመት አንጓች፣ ከመሄዴ በፊት ነፍስ ይማር ልበል። የሟቹን ስም ግን አላወቅሁትም። ማን ይባላል?»

በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር። አንጓች ዕንባዋን ጠረገች። ከመሬት ተነሣች።

«የሞተብኝ ጎረቤት ነው፣ ጌታዬ።»

«የትኛው ጎረቤት?»

«ሁሉም።»

 ጣሪያው ሲያንጠባጥብ ብቻ ይሰማል።

«ልጄና ባሌ ከሞቱ ሰባት ዓመት ነው። ለእነሱ አልቅሳችኋል፤ እግዜር ይስጣችሁ። ከዚያ ወዲህ ግን እናንተ አንድ በአንድ ሞታችሁብኛል። ዕርማችሁን ሳላወጣ ቆይቼ ነበር። ዘንድሮ አወጣሁ።»

ደምለው ዘሎ ተነሣ። «ሟርተኛ! በቁማችን ገደለችን! ውሸታም ናት፣ ጭቃ ሹም፤ ያስሯት!»

«ምን ብላ ዋሸች?» አለ ታፈረ። «ይልቅ አንተ ሟቹን አውቀዋለሁ፣ አንበሳ ሰው ነበር አላልክም?»

ሰዎች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ታፈረ ግን አሁንም ሕግ የሚወድ ሰው ነበር። ዘንጉን መሬት ላይ ተክሎ «ሦስት ምስክር እሻለሁ» አለ።

ባንቺአምላክ ተነሣች። «ጓዳዋን በዓይኔ አይቻለሁ። ጭሱ የውሃ ነው። እማኝ ነኝ» አለች። 

መሪጌታ ተነሡ። «ጣሪያዋን በራሴ አይቻለሁ» ብለው የረጠበ ጥምጥማቸውን ነኩ። «እማኝ ነኝ።»

ሦስተኛ ጠፋ። የቀሩት ሁሉ የደምለውን ጠላ የጠጡ ናቸው። ደምለውን አዩና መሬት መሬት አዩ።

አንጓች ወደ ደምለው ዞረች። ለስለስ ብላ ተናገረች።

«አያ ደምለው፣ ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ቤት በልተሃል። አገሩ ፊት አመስግነኝ እንጂ። ያጠገብኩህ እኔ አይደለሁም?»

«አንቺ!» ደምለው ደሙ ፈላ። «አንቺ ነሽ ያጠገብሽኝ? ከአንቺ ቤት አንዲት ጉርሻ ወጥታለች? እንጀራው የባንቺአምላክ! ወጡ የባንቺአምላክ! ጨርሶ ባዶ ቤት! አይጥ እንኳ የማይኖርበት ቤት!»

«ሦስተኛውም መሰከረ» አለ ታፈረ።

ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ደምለው አፉን ቢይዝም ቃሉ ወጥቷል።

ታፈረ ግን አልሳቀም። ወደ አንጓች ቀረብ አለ። «እመት፣ ሕጉ የት ጋ ነው የተሳሳተው?» ብሎ ጠየቃት።

«ድሃው ምስክር ተሸክሞ ይመጣል፣ ጌታዬ። ሰው የሌለው ድሃ ምን ይሸከማል? ምስክሩ ይምጣ እንጂ። ለቅሶ እንደምትደርሱ ለድሃውም ድረሱ። ግቡና ተቀመጡ። ጣሪያው ራሱ ይነግራችኋል።»

«መልካም» አለ ታፈረ። «ከዛሬ ጀምሮ እንዲያ ይሁን። መጀመሪያ ከዚህ ቅርብ ያለውን ድሃ እንጎብኝ። ቅርብ ያለው ማን ነው?»

«ደምለው ነው!» አለ ሕዝቡ።

ሄዱ። ገቡ። ተቀመጡ። የደምለው ጣሪያ አያንጠባጥብም። ከጓዳው ሦስት ጎተራ ተገኘ። አንደኛው ሙሉ ነው። ሁለተኛው ሙሉ ነው። ሦስተኛው ከድሆች የተወሰደው እህል ነው፤ ነቀዝ በልቶት እጅ ሲያስገቡበት ይንኮሻኮሻል።

ታፈረ ፈረደ። «ከሁለቱ ጎተራ በነቀዝ የጠፋውን ትተካለህ። ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ያንኑ የተካኸውን የድሆች እህል በጀርባህ ተሸክመህ ቤታቸው ታደርሳለህ። ደጅ ጥለህ መሄድ የለም። ገብተህ ትቀመጣለህ። ምግቡ በስሎ አብረሃቸው ሳትበላ አትነሣም።»

«ጀርባዬስ ይሁን!» አለ ደምለው። «መቀመጡ ግን ምን ይባላል?»

«ቅጣቱ እሱ ነው» አለ ታፈረ።

እንዲህ ሆኖ አንጓች እህል አገኘች። ሙዳይዋ ሞላ። ባንቺአምላክ በርበሬ ላከችላት። መሪጌታ ከተማሪዎቻቸው ጋር መጥተው ጣሪያውን ከደኑ። ከዚያ ግን ለቅሶው አበቃና ሁሉም ምንጣፉን ጠቅልሎ ሄደ። አንጓች ሳምንቱን ሙሉ ከጠገበ ሆዷ ጋር ብቻዋን ተቀመጠች። ጥጋብም ዝም ያለ ቤት ውስጥ ሲሆን ለካ ይከብዳል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ደምለው ከነሸክሙ ገባ። ላብ ያጠምቀዋል። ተቀመጠ። ሽሮ ሠራችለት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በላ። ቃል ሳይናገር ሄደ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ገባ። ተቀመጠ። ግድግዳውን ትቶ መሬት መሬት እያየ በላ። ቃል ሳይናገር ሄደ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ገባ። ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ጎረሰ። አላመጠ። ፊቱን አኮማትሮ ቀና አለና አያት።

«ጨው አንሶታል» አለ።

አንጓች እጇ መሶቡ ላይ እንዳለ ቀረ። ሰባት ዓመት አብስላለች። ይነስ፣ ይብዛ፣ ይረር፣ ይላላ፣ የነገራት ሰው አልነበረም።

«አንሶታል?» አለች።

«በጣም እንጂ! ምላስ የለሽም እንዴ?»

አንጓች ሳቀች። ስትስቅ ዕንባዋ ወረደ። ተነሥታ ጨው ልታመጣ ወደ ጓዳ ሄደች፣ ከዚያም ሆና «ሌላስ? ሌላስ ምን ጎድሎታል፣ አያ ደምለው? ንገረኝ!» እያለች ጮክ ብላ ጠየቀችው።

ከዚያ ወዲህ በእንሶስላ አምባ፣ ለድሃ እህል የሚያደርስ ሰው ከደጅ መመለስ ነውር ሆነ። አገሩም እስከ ዛሬ እንዲህ እያለ ይተርታል፦ «ከደጅ ከተጣለ ቁና፣ ገብቶ የተቀመጠ ጎረቤት።»

እኔ ተረቴን እስከዚህ አደረስኳት፤ ከዚህ ወዲያ የሚሸከማት ትከሻ የእናንተ ነው።